ያሳጠርኩት ወረቀት

አቶ ፈንታሁን ማረፋቸውን የነገሩኝ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ጠዋት በራፌ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁና "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ "ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊልን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ አያስቆምም" አሉ።

ጻፍኩ። አራት ገጽ ሆነ። ዳኛው ተመልሰው መጥተው ቆመው አነበቡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

"አንቺ ይታይሽ፣ 'ከሰው ሁሉ ጋር ተስማምተው ኖሩ' የሚለው የታለ?"

"አልተስማሙማ።"

"እሱንስ ማን አጣው። ግን የቀብር ነው። አሳጥሪው" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝና ድንኳን ሊያስተክሉ ሄዱ።

እኔ አንድ ጊዜ የአቶ ፈንታሁንን ነገር አሳጥሬ አውቃለሁ። ያሳጠርኩት የእህቴን ልጅ ትዳር ሊያሳጣት ነበር። ስለዚህ አላሳጥርም አልኩ፤ እንዲያውም ለቀብር የማይነበበውን ጨምሬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ዛሬ የተዘጋ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። እሳቸው የራጅ ባለሙያ ነበሩ። የካርድ ክፍሉንና የራጅ ክፍሉን መተላለፊያ የሚለያየው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር፤ ከበሽተኛ ጋር የሚከራከሩትን ሁሉ ሳልወድ እሰማለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ሲጠየቁ መጀመሪያ ሌባ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ሰው መልስ መጣ ብሎ ይጠብቃል። ጣቱ እንደተነሣ ይቆያል። እኔ በዚያ ጣት የተናደድኩትን ያህል በባለቤቴም ተናድጄ አላውቅም።

በእኛ አገር ራጅ ያልተነሣ ሰው ታከመ አይባልም። ሐኪም ቢያዳምጥ፣ ደም ቢመረመር፣ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ራጅ ከሌለ ቤተሰቡ የተናቀ ይመስለዋል። ፊልሙን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይወስደዋል። መስኮት ላይ ለጥፈው ለጠያቂ የሚያሳዩ ቤቶች አውቃለሁ፤ ጠያቂው የጎድኑን አጥንት አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። አቶ ፈንታሁን ደግሞ ልጅ ሲመጣባቸው በር ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ምን ለማየት ነው?"

አንድ ቀን ከደጋ የመጡ አባት የሚያስል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሐኪሙ አዳምጦት ሽሮፕ አዘዘለት። ሰውየው ሽሮፑን በኪሳቸው ከተው ወደ ራጅ ክፍል ሄዱ።

"ራጅ ያንሡልኝ።"

"ማን አዘዘልዎ?"

"እኔ።"

"ምን ለማየት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። የምታዩት እናንተ።"

ጣቱ ተነሣ። ቆየ። "ወንድሜ፣ ይህ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው። ገላው ገና እያደገ ነው፣ ጨረር ከእኔና ካንቱ ይልቅ እሱን ይከፋዋል። ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የሚከፋው ነገር ካለ ለመውጣት ጊዜ አለው። ካለ ነው ያልኩት። አለ አላልኩም።"

"ከሌለማ ያንሡልኛ።"

"የለምም አላልኩም።"

ሰውየው ወደ እኔ መስኮት ዞሩ። "እታለም፣ እኒህ ሰውዬ የሐኪም ቤት ሰው ናቸው ወይስ ጠበቃ?"

እንዲህ ነበሩ። በየቀኑ። የክሊኒኩ ባለቤት ስንት ጊዜ ቢሯቸው ጠርተው እንደተቆጧቸው አላውቅም፤ ሲወጡ ፊታቸው ያው ነበር።

አንድ ያረጀ የእርሳስ ሽርጥ ነበራቸው፤ ባለሙያው ራሱን ከጨረር የሚከልልበት ከባድ ልብስ ነው። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን አልጣሉትም። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው በሦስት መጠን አስቆረጡት፤ አንዱ ለሕፃን፣ አንዱ ለአምስት ዓመት፣ አንዱ ለአሥር ዓመት። ጨርቅ አለበሱት። ራጅ የሚነሣ ልጅ ሁሉ የመራቢያ አካሉ አካባቢ በዚያ ይሸፈናል። እናቶች "ልጄን ምን ሊያደርጉት ነው?" ይላሉ። "ነገ ወላጅ ስለሚሆን ነው" ይላሉ እሳቸው። ከዚያ ማብራራት ይጀምራሉ። ተራ ጠባቂው መተላለፊያውን ይሞላል። መጥቶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

የእህቴ የጥሩወርቅ ልጅ ስመኝ በስድስት ዓመቷ ማንኩሳ ገበያ ውስጥ ጋሪ ወጣባት። ዳሌዋ ላይ ነው። ክሊኒካችን ሲደርሱ ራጅ ተነሣች፤ አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። አቶ ፈንታሁን ያን ቀን ምንም አልጠየቁም፤ ልጅቷን ራሳቸው አቅፈው አስገቧት። ከወር በኋላ መጋጠሙን ለማየት ደግመው አነሷት። እስከዚህ ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እህቴ በየገበያው ቀን ታመጣት ጀመር። ልጅቷ ትንሽ ካነከሰች፣ ራጅ። ደህና ከተራመደች፣ በእርግጥ ደህና መሆኗን ለማየት፣ ራጅ። ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ሐኪሙን ለምኜ አሳዘዝኩ። አምስተኛው ላይ ማንንም ሳልጠይቅ ካርዷን ከታዘዙት ካርዶች መሃል አስገባሁ።

አቶ ፈንታሁን ካርዱን ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ።

"ይታይሽ፣ ምን ለማየት ነው?"

"አጥንቷ መግጠሙን።"

"ገጥሟል። አይተነዋል።"

"እናቷ ይረጋገጥልኝ ብላ ነው።"

"እናቷን ለማረጋጋት ልጅቷን አላነሣም። እናቷን ላንሣት?"

እህቴ ከኋላዬ "እኔን ማንሣት ከበቃም እሺ" አለች። የምሯን ነው።

በዚያ ሳምንት በራጅ ክፍሉ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት ብለው ወሰኑ። አንድ ገጽ ተኩል ጽፈው አመጡልኝ፤ የእሳቸው ጽሕፈት አይነበብም፣ በእኔ እጅ እንዲገለበጥ ነው። ወረቀቱ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ለሕፃን የሚነሣ ራጅ፣ ሲያስፈልግ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል ይላል። ሆኖም ይላል። ጨረር በብዛት ሲሆን በእንስሳት ላይ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ለውጥ ማምጣቱ ታይቷል። በሰው ላይ፣ ራጅ ከተነሡ ወላጆች በተወለዱ ልጆች ላይ፣ እስካሁን ይህ አልታየም። አልታየም ማለት ፈጽሞ የለም ማለት ስላልሆነ፣ ምናልባት... እያለ ይቀጥላል። ምናልባት የምትለዋ ቃል ሰባት ቦታ አለች።

"ይህን ማን ያነበዋል?" አልኳቸው።

"ተራ የሚጠብቅ ሰው።"

"ልጁን አዝሎ፣ ቆሞ?"

"ቆሞ።"

ምሳ ሲወጡ ተቀምጬ አሳጠርኩት። በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ የሕፃናት ራጅ ዘርን ይነካል። ሐኪም ሳያዝ አይጠይቁ።

ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አነበቡት። ሁለት መስመር ለማንበብ ከሚበቃው ጊዜ በላይ ቆሙ።

"ምናልባት የታለች?"

"ቦታ አልበቃትም።"

"ይታይሽ፣ ይህ እኔ ያልኩት አይደለም።"

"ነገ ሙሉውን እጽፈዋለሁ" አልኩ። ግን በዚያ ሳምንት ልጁን ይዞ ያለ ትእዛዝ የሚመጣ ሰው ቀነሰ። መተላለፊያው ጸጥ አለ። እሳቸውም መቀነሱን አዩ፣ ወረቀቱን አልነቀሉትም። እኔም ሙሉውን አልጻፍኩም። ይህን የምለው ጥፋቱን ለሁለት ለመካፈል አይደለም፤ እንዲህ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ እዚያው ዓመታት ቆየ፣ ቀዩ ቀለም ደበዘዘ።

ስመኝ አደገች። ምንም አላነከሰችም። ኮሌጅ ጨርሳ ማንኩሳ ሥራ እንደያዘች ከቡሬ ዙሪያ ሽማግሌ መጣባት። የልጁ አባት አቶ አበጀ በርበሬ የሚያመርቱ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጁ ሙላት እሷን ኮሌጅ ያውቃታል፤ ሁለቱ ተነጋግረው የጨረሱት ነገር ነው፣ ግን ወጉ ወግ ነው። ዘር ተቆጠረ። እስከ ሰባት ትውልድ ተወርዶ ዝምድና የለም ተባለ። የሚነቀፍ ነገርም አልተገኘም። እህቴ ጌሾ ልትገዛ ስትዘጋጅ ከቡሬ ሌላ መልእክት መጣ።

የሙላት አክስት ልጇን ልታሳክም እኛ ክሊኒክ መጥታ ነበር። በር ላይ ያለውን አንብባለች። ማንኩሳ ውስጥ ደግሞ ጋሪ የወጣባት ልጅ በየገበያው ቀን ራጅ ትነሣ እንደነበር የማያስታውስ ሰው የለም። መልእክቱ በጨዋ ቃል ነው የመጣው፤ ልጅቷ መልካም ናት፣ ቤተሰቡም መልካም ነው፣ ነገር ግን ዘሯ በጨረር ተነክቷል ስለሚባል እስኪጣራ ይቆይ። ስንት ጊዜ እንደተነሣች አንዱ አምስት፣ አንዱ አሥራ አምስት ይል ነበር።

እህቴ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣች። አልጮኸችም። "ጽሕፈቱ ያንቺ ነው አሉኝ" አለች። ያገሩ ሰው ጽሕፈቴን ያውቃል፤ የእድሩን ማስታወቂያ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስመኝ ከኋላዋ ቆማ ነበር። "እትየ፣ እውነት ነው?" አለችኝ።

አቶ ፈንታሁን ዘንድ ሄድኩ።

"ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው አንድ ቃል ይበሉልኝ። የለም ይበሉ።"

"የለም ማለት አልችልም። አልታየም እላለሁ።"

"ገበሬ አልታየም ሲሉት ተደበቀ ማለት ነው የሚመስለው።"

"እንግዲያው አስረዳዋለሁ።"

"አያስረዱ፣" አልኩ፣ "በእናትዎ አያስረዱ።"

ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ ድረስ በሚኒባስ አስጠናኋቸው። ይጠይቁዎታል፣ የለም ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። እሳቸው በመስኮት በቆሎ ያያሉ። ስንወርድ "የሰማሁሽ እንዳይመስልሽ" አሉኝ።

እህቴ ቤት አራት ሽማግሌዎች፣ አቶ አበጀና የሽማግሌዎቹ አፍ የሆኑ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ስመኝ ጓዳ ናት። አቶ ፈንታሁን ገና ሳይጠየቁ፣ "ያንን ወረቀት በሬ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። "እኔ ነኝ" አሉ ደግመው። ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ አስረዱ። ጨረር ምን እንደሆነ፣ ዘር በገላ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ። ዝንቦች በብዙ ጨረር ተሞክረው ምን እንደወለዱ።

"የእኛ ልጅ ዝንብ አያገባም" አሉ አንድ ሽማግሌ። ሳቅ ሆነ።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። "አቶ ፈንታሁን፣ ብዙ ተማርን። ጥያቄያችን ግን አጭር ነው። በተነሣችው ራጅ ምክንያት በምትወልደው ልጅ ላይ ምንም አይደርስም ብለው ይማሉልን፤ እኛም ወደ ጉዳያችን እንግባ።"

"አልምልም።"

እህቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ እግራቸውን ልረግጥ ፈለግሁ፤ ሩቅ ነበሩ።

"ስለ እሷ ብቻ አይደለም አባቴ፣ ስለ ማንም አልምልም" አሉ። "አቶ አበጀ፣ ስለ ልጅዎም አልምልም። ጨረር እኔ ክፍል ብቻ ያለ አይደለም፤ ከአፈሩም ከሰማዩም ለሁላችን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይደርሰናል። እሷ የተነሣችው በዚያ ላይ ትንሽ ጨመረ። ያም መብዛት አልነበረበትም፤ የበዛው እኛ እንቢ ማለት አቅቶን ነው። ግን ከሌላ ሰው ልጅ ይልቅ የእሷ ልጅ የሚያሰጋበት ነገር እኔ አላውቅም። አውቃለሁ የሚልም አላገኘሁም።"

"አላውቅም እያሉን ነዋ" አሉ አቶ አበጀ።

"አላውቅም ማለትና አለ ማለት ይለያያል።"

አቶ አበጀ ጭራቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ወንድ ልጅ አለዎት?"

"አለኝ። ቡሬ ያስተምራል።"

"አግብቷል?"

"አላገባም።"

"ይህችን ልጅ ለእሱ ይወስዷት ነበር?"

ጣቱ ተነሣ። አለቀልን አልኩ በልቤ፤ ምናልባት ሊመጣ ነው።

"ዛሬውኑ" አሉ።

ከእሳቸው አፍ እንደዚህ ያጠረ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ቄሱ አቶ አበጀን አዩ። አቶ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጅዎ የትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምር?" አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ወጡ። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ጠየቁ። እኛ ያሰብነው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነበር፤ የቸኮሉት እነሱ ሆኑ። ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀና ተሰበረ፤ ስመኝ የያዘችው ብርጭቆ ነው።

እኔና አቶ ፈንታሁን ሚኒባስ ስንጠብቅ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"ከነገርኳቸው የገባቸው የትኛው ነው?"

"ልጅዎ።"

"እሱ ማስረጃ አይደለም።"

"ይተዉት እንግዲህ።"

ትንሽ ቆይተው፣ "ልጄ ያጫት ልጅ አለችው" አሉ። "አግብቷል ወይ ሲሉኝ አላገባም አልኩ። እጮኛ እንዳለው አልጨመርኩም። አሳጠርኩባቸው" ብለው ወደ እህቴ ቤት ዞሩ። የምሬን ነው የምናገረው፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ካላስተካከልኩ ብለው መንገድ ጀመሩ። ኮታቸውን ያዝኩ። ሚኒባሱ እስኪመጣ አልለቀቅኩም። አላፊ አግዳሚው ባልና ሚስት የተጣሉ መስሎት ያየን ነበር።

በሰርጉ ቀን አቶ አበጀን ጥግ ላይ ይዘው መናዘዛቸውን በዓይኔ አየሁ። አቶ አበጀ ሰሟቸው፣ ከዚያ ብርሌ አስያዟቸውና "አንቱ ሰው፣ ይጠጡ እንጂ" አሏቸው።

ከማንኩሳ በተመለስን ማግስት ግን ያንን ወረቀት ነቅለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "ሙሉውን ጻፊው" አሉ። ጻፍኩ፤ ገጽ ተኩሉን፣ ከሰባቱ ምናልባት ጋር። ማንም አያነበውም ብዬ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ የለውምና ያነበዋል። ማንበብ የማይችለው ያስነብባል። ያልገባው መስኮቴ ላይ ይመጣል። ክሊኒኩ እስኪዘጋ "አልታየም" እና "የለም" እንዴት እንደሚለያዩ ሳስረዳ ኖርኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ምን አደረጉ? ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄደው ሲመለሱ የእርሳስ ቁራጮቹን ከመስቀያቸው አወረዱ። "ልጅን መሸፈን አሁን አያስፈልግም ተብሏል" አሉኝ። "ጥቅሙ ኢምንት ነው፤ የሚፈለገውን አጥንት ጋርዶ ደግሞ ለማንሣት ሊዳርግ ይችላል። ዋናው ሳያስፈልግ አለማንሣት ነው።" ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ቁራጭ ምክንያት ከስንት እናት ጋር ተጨቃጭቀናል። ቢያንስ ዝም ብለው ቢያስቀምጡት ምን ነበረበት? እሳቸው ግን የተጨቃጨቋቸውን እናቶች ገበያ ላይ ባገኙ ቁጥር አስቁመው፣ በሽፋኑ ነገር ተሳስቼ ነበር ይሏቸዋል። ግማሾቹ ረስተውታል። ሲያስታውሷቸው ይደነግጣሉ።

ስመኝ ሴት ልጅ ወለደች። እህቴ የሕፃኗን ጣቶች ቆጠረች። እኔም ቆጠርኩ፣ እህቴ ወጥታ ሳለ። አቶ ፈንታሁን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጡ።

"ይኸው፣" አልኳቸው፣ "ምንም የላትም።"

ጣታቸውን አነሡ። "አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም።" ሕፃኗን አጎንብሰው አዩ፣ ቆዩ። "ቆንጆ ናት" አሉ።

የቀብሩ ቀን ዳኛው ግማሽ ገጽ ሲጠብቁ አራቱንም ገጽ ለስመኝ ሰጠኋት። እኔ በሰው ፊት ማንበብ አልወድም።

"እትየ፣ ሁሉንም ላንብበው?"

"ሁሉንም።"

ፀሐዩ እንደተባለው ነበር። አቶ አበጀ ከቡሬ መጥተው ከፊት ቆመዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ 'ከሰው ሁሉ ጋር አልተስማሙም' የሚለው ሲነበብ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ልጁን አላነሣም የተባለ ሰው መሆን አለበት። ከዚያ ሌሎችም ሳቁ። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። ስመኝ ሳታቋርጥ አነበበች። አራተኛው ገጽ ላይ ምናልባት የምትል ቃል አለች፤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ሌባ ጣቷን አነሣች። ሰዉ ጠበቀ፣ ዳኛው ደግመው ሰዓታቸውን አዩ፣ ጣቷ እንደተነሣ ቆየ። ከዚያ ቀጠለች።